«ኔትወርክ ነው» እያልን እስከ መቼ?



እንደሚታወቀው ሁሉ ይህ ሰሌዳ የውሃ መቋረጥ፣ የጽዳት ተራና የእድር ስብሰባ የሚነገርበት ነው። ዛሬ ግን ከወትሮው ወጣ ባለ ጉዳይ ላይ ጠንከር ያለ ቃል ለመናገር ተገደናል። ጉዳዩ በየስልካችን ለኤአይ ቻትቦት የምንልከው ፎቶና ፋይል ነው። «ይህ የልጆች ጨዋታ ነው፤ ሰሌዳ ላይ ምን አመጣው?» የሚል ካለ እባክዎ እስከ መጨረሻው ያንብብ። በዚሁ ጉዳይ ምክንያት በዚሁ ሰሌዳ ላይ የአንዲት እናት ስም ያለ አግባብ ተለጥፎ ሦስት ቀን ውሏልና።

ነገሩ እንዲህ ነው። የእድራችን መዝገብ በእጅ የሚጻፍ ነው። የዓመቱ ሒሳብ ሲደርስ መደመሩና ማመሳከሩ የሁለት ሳምንት ሥራ ስለሚሆን «ለምን በኤአይ አናሠራውም? አሁን እኮ ፎቶ አይቶ ያነባል» የሚል ሐሳብ ቀረበ። ሐሳቡ መጥፎ አልነበረም። ከኮሚቴያችን አንድ ወጣት የመዝገቡን 14 ገጾች አንድ በአንድ ፎቶ አንሥቶ ለቻትቦቱ ጫነና «ማን ምን ያህል እንደ ከፈለ፣ ማን ውዝፍ እንዳለበት በሠንጠረዥ አውጣልን» ብሎ ጻፈለት። ፎቶዎቹ ሲጫኑ ከስክሪኑ ግርጌ አንዲት አጭር የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ብቅ ብላ ጠፋች። ልጁም «ያው ኔትወርክ ነው» ብሎ አለፋት። ሠንጠረዡ በደቂቃ ውስጥ መጣ። ያምራል! መስመሩ የተስተካከለ፣ ድምሩ ከግርጌ የተጻፈ። እኛም አተምነው፣ ማኅተም መታንበት፣ እዚህ ለጠፍነው።

በውዝፍ ዝርዝሩ ላይ አምስት ሰዎች ነበሩ። ከአምስቱ አንዷ እድሩ ከተቋቋመ ጀምሮ አንድም ወር ሳይከፍሉ ያላለፉ እናት ናቸው። ወረቀቱ ግን «የሦስት ወር ውዝፍ» ይላቸዋል። እሳቸው ማንበብ ስለማይችሉ ነገሩን የሰሙት ከጎረቤት አፍ ነው። በዚያው ሳምንት ሠፈራችን ውስጥ ለቅሶ ነበር። «ባለ ውዝፍ ተብዬ በምን ፊቴ ድንኳን እገባለሁ?» ብለው ሳይደርሱ ቀሩ። በዕድሜያቸው ሙሉ የሰው ለቅሶ ሲደርሱ የኖሩ ሰው በራሳቸው ሠፈር ለቅሶ ቀሩ።

በአራተኛው ቀን ደረሰኞቻቸውን በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው መጡ። አንድም አልጎደለም። መዝገቡ ሲገለጥ በገጽ 4 ላይ ያለው መስመራቸው ሞልቶ «ወደ ገጽ 11 ዞሯል» ተብሎ ተጽፎበታል። ገጽ 11 ላይ የሦስቱም ወራት ክፍያ ከነቀኑ ሰፍሯል። ልጁ ሥራውን በፊታችን እንዲደግመው አደረግን። ያቺ ጽሑፍ እንደገና ብቅ አለች። አሁን ግን ቆም ብለን አነበብናት። «በአንድ መልእክት ከ10 ፎቶ በላይ መጫን አይቻልም» ነበር የምትለው። ከገጽ 11 እስከ 14 ያሉት ፎቶዎች ከመነሻውም አልሄዱም ማለት ነው። ኔትወርኩ ምንም አላጠፋም!

ማሽኑስ? ማሽኑ «ገጽ 11ን አላየሁም፤ እዚህ ላይ አልፈርድም» አላለም። ያየውን ይዞ ላላየውም ፈረደ።

እንግዲህ ዛሬ የምንለው አንድ ነገር ነው። ፋይል አልሄድ ሲል መናደዳችን ልክ ነው፤ ነገር ግን ይበልጥ ሊያስፈራን የሚገባው «ሄዷል» ብለን ያመንነው ያልሄደ ፋይል ነው። «አልሄደም» ሥራችንን ያዘገየዋል፤ ያልሄደውን «ሄዷል» ማለት ግን የሰው ስም ያጠፋል።

ከማንም በፊት ሂሱን በራሳችን ላይ እናደርጋለን። ጥፋቱ የልጁ አይደለም። ሠንጠረዡን ከመዝገቡ ጋር ሳያመሳክር ማኅተም የመታው ኮሚቴው ነው። መዝገቡ እዚያው ጠረጴዛ ላይ ነበር፤ እጃችንን መዘርጋት ነበር የቀረን። እናቲቱን ቤታቸው ድረስ ሄደን ይቅርታ ጠይቀናል፤ የቀሩትንም አራት አባላት እንዲሁ፤ እነሱም ክፍያቸው ወደ ገጽ 11 የተዛወረ ነበሩ። ይቅርታው ግን ብቻውን አይበቃም። ወደዚህ ጥፋት ያደረሱን አስተሳሰቦች ዛሬም በየቤቱ ስላሉ በስማቸው ጠርተን ልንሞግታቸው ይገባል።

የመጀመሪያው «ኔትወርክ ነው» ባይነት ነው።

ይህች ቃል የሁሉ በሽታ መድኃኒት ሆናለች። ፎቶ አልጫን አለ? ኔትወርክ ነው። ፋይሉ ቀይ ምልክት አሳየ? ኔትወርክ ነው። አንባቢ ሆይ፣ ኔትወርክ አይደክምም፣ አይቆረጥም አላልንም። እሱንማ ሁላችንም እናውቀዋለን። የምንለው ሳይመረመር አይፈረድበት ነው። መመርመሩ ደግሞ አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ለቻትቦቱ ያለ ምንም ፋይል «ሰላም» ብለው ይጻፉለት። ካልመለሰ ወይ ኔትወርኩ ወይ አገልግሎቱ ራሱ ቆሟል። ከመለሰ ግን መስመሩ አለ ማለት ነውና አንድ ትንሽ ፎቶ ይሞክሩ። ትንሹ ሄዶ ትልቁ ከቀረ ነገሩ የመጠን ነው። ትንሹም ከቀረ የፈቃድ፣ የፋይል ዓይነት ወይም የኮታ ጉዳይ ነው። በሦስት ሙከራ ሌባው የገባበት በር ታወቀ! «ኔትወርክ ነው» ብሎ የተቀመጠ ሰው ግን እስከ ማታ ድረስ ያው ነው።

«ቪዲዮ እያየሁ ፎቶ እንዴት አይሄድም?» የሚሉም አሉ። ማውረድና መጫን ሁለት ልዩ ልዩ መንገዶች ናቸው። የሞባይል ዳታ በአብዛኛው ለማውረድ ሰፊ፣ ለመጫን ጠባብ ነው። በዚያ ላይ የኔትወርክ ፍጥነት የሚለካው በሜጋቢት፣ ፋይል የሚለካው በሜጋባይት መሆኑን አንርሳ። አንድ ባይት 8 ቢት ነው። ስለሆነም በሰከንድ 1 ሜጋቢት በሚልክ መስመር ላይ 20 ሜጋባይት ፋይል ለመጫን 160 ሰከንድ ያስፈልጋል፤ ያውም ምንም ካልተደናቀፈ። እኛ ግን በአሥረኛው ሰከንድ «እምቢ አለ» ብለን ስክሪኑን እንዘጋዋለን፤ ወይም ክቡ እየዞረ ሳለ «ላክ» የሚለውን እንጫናለን። ያልተቀቀለ ሽሮ አውጥቶ «ባለሙያዋ አታውቅም» እንደ ማለት ነው።

ሁለተኛው የአቋራጭ ፈላጊነት አስተሳሰብ ነው።

ይህ ወገን ነገሩን ከመጠየቅ ይልቅ ባገኘው ሁሉ መምታት ይወዳል። ወዲያው ፕሮግራሙን ያጠፋና እንደገና ያወርዳል፤ የይለፍ ቃሉን ረስቶት ደግሞ ከነጭራሹ ውጭ ይቀራል። ወይም «የፋይሉን ስም ቀይረው» ይላል። ይህችን ምክር በተለይ እንቃወማታለን። አይፎን ስልኮች እ.ኤ.አ. ከ2017 ወዲህ ፎቶ የሚያስቀምጡት በአብዛኛው «ኤችኢአይሲ» በሚባል ዓይነት ነው። ይህን ዓይነት የማይቀበል ፕሮግራም ሲያጋጥም የስሙን መጨረሻ ቆርጦ «ጄፔግ» ብሎ መጻፍ ፋይሉን አይለውጠውም። የጤፍ ከረጢት ላይ ስንዴ ብሎ ቢጽፉበት ጤፉ ስንዴ አይሆንም! መፍትሔው ቀላል ነው። በስልኩ ሴቲንግስ ውስጥ ካሜራ፣ ከዚያ ፎርማትስ፣ ከዚያ «ሞስት ኮምፓቲብል» የሚለውን መምረጥ ነው። ከዚያ በኋላ የሚነሡት ፎቶዎች ጄፔግ ይሆናሉ። ቀድሞ የተነሣውን ደግሞ ስክሪንሾት ማድረግ ይቻላል፤ ጽሑፉ ደቃቅ ካልሆነ ይበቃል።

በየሱቁ «ስልክዎን ይስጡኝ፣ እኔ ልጫንልዎ» የሚለውም የዚሁ ወገን ነው። ሁሉም ክፉ ነው አላልንም። ነገር ግን የሐኪም ወረቀትዎ፣ የቤት ካርታዎና የልጅዎ ትምህርት ማስረጃ ያለበትን ስልክ ከነይለፍ ቃሉ አሳልፎ መስጠት አንድ ፎቶ ለማስጫን የሚከፈል ዋጋ አይደለም።

ሦስተኛው፣ የከፋውም፣ «ማሽን አይሳሳትም» ባይነት ነው።

እኛን የጣለን ይኸኛው ነው። ሠንጠረዡ ስላማረ አመንነው። በእጅ የተጻፈ፣ ስርዝ ድልዝ ያለበት ሒሳብ ቢሆን ኖሮ ሦስት ሰው ይደምረው ነበር። ቻትቦት ያላየውን «አላየሁም» ለማለት የማይታክት ታማኝ ጸሐፊ አይደለም። አንዳንዴ ይናገራል፤ አንዳንዴ ደግሞ ክፍቱን በሚመስል ነገር ይሞላዋል። ፎቶው ቢሄድም እንኳ ብዙዎቹ ፕሮግራሞች ትልቅ ፎቶን አሳንሰው ነው የሚያዩት። እኛ በስልካችን አጉልተን የምናነበውን ደቃቅ የእጅ ጽሑፍ ማሽኑ እንደ ጭረት ሊያየው ይችላል። 3ን ከ8፣ 1ን ከ7 ያምታታል። የአማርኛ የእጅ ጽሑፍ ሲሆን ደግሞ ስሕተቱ ይብሳል። ለ የትኛው ነው፣ ሰ የትኛው ነው፣ እኛው ራሳችን የጸሐፊያችንን እጅ ስንከራከርበት የለም ወይ?

ሌላም ምሳሌ አለን። የማኅበራችን መተዳደሪያ ደንብ በ1993 ዓ.ም. በኮምፒዩተር የተተየበ ነው። በዚያ ዘመን የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ ከተመዘገበ ገና ጥቂት ጊዜው ነበር፤ የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። በሀገራችን የሚሠራበትም እንደ ቀድሞዎቹ የፓወር ግዕዝና የቪዥዋል ግዕዝ ፎንቶች ባሉት ነበር። እነዚህ ፎንቶች በጊዜያቸው ትልቅ ውለታ ውለዋል። ነገር ግን አሠራራቸው የእንግሊዝኛውን ፊደል ኮድ ይዞ በላዩ የግዕዝ መልክ ማልበስ ነበር። ስለዚህ ለእኛ ዓይን አማርኛ የሆነው ገጽ ለማሽኑ የተመሰቃቀለ የላቲን ፊደል ነው። ደንቡን በፒዲኤፍ ጭነን «ስለ አባል መሰናበት ምን ይላል?» ብለን ስንጠይቀው ቻትቦቱ ጥርት ባለ አማርኛ አንድ አንቀጽ ጻፈልን። እንዲህ ያለ አንቀጽ ግን በደንባችን ውስጥ የለም! ፋይሉ ሄዷል፤ ቀይ ምልክትም አልነበረም፤ ግን አልተነበበም።

ይህን በሽታ ማወቂያው ቀላል ነው። ከፋይሉ ውስጥ አንድ መስመር ኮፒ አድርገው መልእክት መጻፊያው ላይ ይለጥፉት። አማርኛው አማርኛ ሆኖ ከወጣ ደኅና ነው። የእንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት ተቀላቅሎ ከወጣ ማሽኑም የሚያየው ያንኑ ነው። ያን ጊዜ ገጹን እንደ ፎቶ አድርጎ መጫን ወይም ጽሑፉን ወደ ዩኒኮድ ማስለወጥ ያስፈልጋል።

አራተኛው ደግሞ «ከነአካቴው ይቅር» ባይነት ነው።

ከእናቲቱ ጉዳይ በኋላ «ድሮም ብለን ነበር፤ ይህን ነገር ሠፈር አታስገቡት» ያሉን ታላላቆች አሉ። አክብሮታችን እንደተጠበቀ ሆኖ አንስማማም። በሠፈራችን የሐኪም ማዘዣ ማንበብ የቸገራቸው፣ ከውጭ የመጣ የእንግሊዝኛ ደብዳቤ የሚያስተረጉሙት ያጡ፣ ልጃቸውን በሒሳብ ትምህርት መርዳት የማይችሉ ስንት ወላጆች አሉ? ለእነዚህ ሰዎች አንድ ፎቶ በትክክል መጫን መቻል ትልቅ ነገር ነው። ማዘዣውን ካነበበላቸው በኋላም ቢሆን የመድኃኒቱን መጠን ፋርማሲ ጠይቀው ማረጋገጥ አለባቸው፤ እሱ አይቀርም። ደግሞስ ብንከለክል ማን ይሰማናል? ወጣቱ በየኪሱ ይዞታል። መከልከል የምንችለው አያያዙን ሳያውቅ መያዙን ነው፤ የሚከለከለውም በማስተማር ነው።

ሠሪዎቹም ከወቀሳ አያመልጡም። በሰከንድ ውስጥ የምትጠፋ ማስጠንቀቂያ፣ ያውም አባቶችና እናቶች በማያነቡት ቋንቋ፣ ምን ትጠቅማለች? «የሆነ ስሕተት ተፈጥሯል» የሚል መልእክትስ ምን ይነግረናል? መፈጠሩንማ አይተነዋል፤ ምኑ ላይ እንደ ሆነ ነው የጠየቅነው! አራት ፎቶ ትቶ አሥሩን ብቻ የተቀበለ ፕሮግራም መልስ ከመስጠቱ በፊት «አራቱ አልደረሱኝም» ማለት ነበረበት። ይህ ግን በእነሱ በኩል እስኪስተካከል ድረስ የሠፈራችን ሰው ስም ሲጠፋ ቁጭ ብለን አናይም።

ስለሆነም ከዚህ በታች ያለውን ቅደም ተከተል እያንዳንዱ ቤተሰብ እንዲይዘው እናሳስባለን። በወረቀት ገልብጣችሁ ከስልኩ አጠገብ ብታስቀምጡት ምንኛ ጥሩ ነው።

1ኛ. ብቅ የምትለውን ጽሑፍ አንብቡ። ፈጥና ከጠፋች ሙከራውን ደግማችሁ ስክሪንሾት አንሡባት። የማታነቡት ቋንቋ ከሆነ የሚያነብ ልጅ ጥሩ። ብዙውን ጊዜ መልሱ እዚያችው ውስጥ ነው።

2ኛ. ከላይ እንዳልነው ሦስቱን ሙከራ አድርጉ። መጀመሪያ ጽሑፍ ብቻ፣ ቀጥሎ ትንሽ ፎቶ፣ ከዚያ ዋናውን ፋይል። የቆመበትን ቦታ ያዙ። ጽሑፉም ካልሄደና ሌላው ኢንተርኔት የሚሠራ ከሆነ አገልግሎቱ ራሱ ተቋርጦ ሊሆን ስለሚችል ጥቂት ቆይቶ መሞከር እንጂ ስልክ መደብደብ አይጠቅምም።

3ኛ. ትንሹም ፎቶ ካልሄደ ፈቃዱን ተመልከቱ። ስልኩ ፕሮግራሙ ፎቶዎቻችሁን እንዲያይ ፈቅዶለታል ወይ? በአዳዲሶቹ ስልኮች የተመረጡ ፎቶዎችን ብቻ መፍቀድ ስለሚቻል «ትናንት ያነሣሁት ፎቶ የለም» የሚባለው ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው። ፎቶው አልጠፋም፤ አልተፈቀደም እንጂ። ከዚያ በስልኩ ፕሮግራም እምቢ ያለውን በብራውዘር ሞክሩት፤ በብራውዘር እምቢ ያለውን ደግሞ በፕሮግራሙ። በአንዱ ሄዶ በሌላው ከቀረ ጥፋቱ የፋይሉ አይደለም። ፕሮግራሙን ማደስ፣ ቪፒኤን ካለ ማጥፋት የዚህ ጊዜ ሥራ ነው።

4ኛ. መጠኑን ቀንሱ፤ ግን እንዳይደበዝዝ። በስካነር የሚያሠሩ ሰዎች «ጥራቱን ከፍ አድርግልኝ» ማለት ይወዳሉ። አንድ ኤ4 ገጽ በ600 ዲፒአይ በቀለም ሲነበብ ሳይታመቅ 104 ሜጋባይት ያህል ነው፤ በ300 ዲፒአይ ግን ሩቡ፣ 26 ሜጋባይት ያህል ብቻ። ለተራ ጽሑፍ 300 ይበቃል፤ በጄፔግ ሲታመቅ ደግሞ ከዚያም በብዙ ያንሳል። በተቃራኒው ደግሞ በቴሌግራም እንደ ፎቶ የተላከ ሰነድ ተጨምቆ ስለሚደርስ ደቃቁ ጽሑፍ ይፈዛል። ሰነድ በቴሌግራም ስትላላኩ «ፋይል» ብላችሁ ላኩት።

5ኛ. ፒዲኤፉ የተቆለፈ እንዳይሆን። ከባንክና ከመሥሪያ ቤት የሚመጡ አንዳንድ ፒዲኤፎች የይለፍ ቃል አላቸው። እናንተ ስትከፍቱት ቁልፉን ስለምታስገቡ ይከፈታል፤ ማሽኑ ግን ቁልፍ የለውም።

6ኛ. ብዛቱን እወቁ። በአንድ መልእክት ስንት ፋይል እንደሚቀበል፣ በነፃ ለሚጠቀም ሰው በቀን ወይም በጥቂት ሰዓት ውስጥ ስንት እንደሚፈቀድ በብዙዎቹ ፕሮግራሞች ልክ አለው። ልኩ ከፕሮግራም ፕሮግራም ይለያል፤ ጊዜ እየጠበቀም ይለወጣል። ኮታው ካለቀ መጠበቅ ነው፤ ደጋግሞ መጫን ጊዜና ዳታ ማቃጠል ነው። ብዙ ገጽ ካላችሁ አምስት አምስት አድርጋችሁ ላኩ።

7ኛ. ይህች ከሁሉም ትበልጣለች። ከተጫነ በኋላ ሥራ ከማዘዝ በፊት ማሽኑን ፈትኑት! «ስንት ገጽ ደረሰህ? የእያንዳንዱን ገጽ የመጀመሪያና የመጨረሻ መስመር እንዳለ ጻፍልኝ» በሉት። የጻፈውን ከወረቀቱ ጋር አስተያዩ። ከተሳሳተ ገጹን ለሁለት ከፍላችሁ፣ ከላይ በጥሩ ብርሃን፣ ጥላችሁን ሳታሳርፉበት እንደገና አንሡ። ይህን ፈተና ያላለፈ ፋይል እንዳልሄደ ይቆጠር። እኛ ይህችን አንድ ጥያቄ ጠይቀን ቢሆን ኖሮ ገጽ 11 በዚያው ደቂቃ በተገኘ ነበር።

ከዚህ ሁሉ ጋር ሳይነሣ የማይታለፍ አንድ ጉዳይ አለ። የሚሄደው ሁሉ መሄድ አለበት ወይ? ፎቶው አልሄድ ሲል በንዴት ሰባት ጊዜ የምንልከው መታወቂያ፣ የፋይዳ ቁጥር፣ የሐኪም ካርድ የማን ነው? በብዙዎቹ ፕሮግራሞች በሴቲንግ ካልተከለከለ በቀር የምንጭነው ነገር ለማሽኑ ማሠልጠኛ ሊውል ይችላል። ሀገራችንም የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አውጥታለች። ታዲያ እኛ የእድራችንን መዝገብ ስንጭን የ14 ገጽ ሰው ስምና ስልክ ቁጥር ሳንሸፍን ነው የጫንነው፤ አንድም አባል አላስፈቀድንም። ይህም ሁለተኛው ጥፋታችን ነው፤ እንዲሁም ተመዝግቦ ይያዝልን። የራሳችሁን ሰነድ ስትልኩ ቁጥሩን በወረቀት ሸፍናችሁ አንሡ። የሌላ ሰው ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ ባለቤቱን ጠይቁ። የጎረቤት ምሥጢር ድሮም በአደባባይ አይዘራም ነበር፤ ዛሬ አደባባዩ ኪሳችን ውስጥ ስለገባ ነውሩ አልቀለለም።

በመጨረሻም ኮሚቴው በራሱ ላይ የወሰነውን ለነዋሪው ያስታውቃል።

ሀ/ ከእንግዲህ በማሽን የተሠራ ማንኛውም ሒሳብ ወይም ዝርዝር ሁለት ሰው ከዋናው መዝገብ ጋር አመሳክሮ ሳይፈርምበት ማኅተም አይመታበትም፤ ሰሌዳ ላይም አይወጣም።

ለ/ የእድሩ መዝገብ የአባላቱ ስምና ስልክ ቁጥር ሳይሸፈን አይጫንም። የሚጫንበትም ምክንያት አስቀድሞ ለጠቅላላ ጉባኤው ይነገራል።

ሐ/ በየሁለት ሳምንቱ እሑድ ከሰዓት በኋላ የስልክ ነገር የሚያውቁ ወጣቶች በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ተገኝተው ፎቶና ፋይል አልጫን ያላቸውን ነዋሪዎች በነፃ ይረዳሉ። ስልክዎን ይዘው ይምጡ እንጂ ለማንም አሳልፈው አይስጡ፤ ወጣቶቹ ያሳያሉ፣ የሚነካው ባለቤቱ ነው። ያቺን ዝርዝር ያሠራው ወጣት የመጀመሪያው አስተማሪ ለመሆን ራሱ ተነሥቷል። ይህን እናደንቃለን። ከስሕተቱ የተማረ ሰው ካልተሳሳተ ይልቅ ማስተማር ይችላልና።

መ/ የአምስቱ አባላት ስም የጠፋበት ወረቀት ወርዷል። በምትኩ የተስተካከለው ዝርዝር ከይቅርታ ጋር ከዚህ ጽሑፍ ጎን ተለጥፏል። ሐሰቱ ሦስት ቀን ከዋለ እውነቱ ሦስት ወር ይዋል ብለናል።

«ወረቀት ላይ ያንን አነበብን፤ ይህንን ግን አላየንም» የሚል ሰው እንዳይኖር፣ ያነበባችሁ ላላነበቡት ንገሩ። በተለይ ማንበብ ለማይችሉት እናቶችና አባቶች አንብቡላቸው፤ ስማቸው የተነሣበትን ነገር ከሐሜት ሳይሆን ከወረቀቱ ይስሙት። እናቲቱ ባለፈው ሳምንት በሌላ ለቅሶ ከድንኳኑ መሐል ተቀምጠው አይተናቸዋል። ከይቅርታችን ሁሉ የበለጠው ይህ ነበር።

እንግዲህ ነገ ፎቶ አልሄድ ሲል «ኔትወርክ ነው» ለማለት አፋችን ሲከፈት አንድ ጊዜ ዘግተን እናንብብ። ሄዷል ሲለንም አንድ ጊዜ ቆም ብለን እንጠይቅ።

ያላየ ዳኛ አይፍረድ! ያላነበበ ማሽንም አይመስክርብን!

የማኅበሩ የማስታወቂያ ሰሌዳ አዘጋጅ ኮሚቴ